መርከቧ ጅቡቲ ደረሰች፤ ከዚያስ? ስለ መርከብ ጭነት ማራገፍና መጫን ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በየዓመቱ በጋው ሲገባ አንድ ዓይነት ዜና እንሰማለን፤ ይህን ያህል ሺህ ሜትሪክ ቶን ማዳበሪያ የጫነች መርከብ ጅቡቲ ወደብ ደረሰች ይባላል። ገበሬው ይህን ሲሰማ «እንግዲህ መጣልን» ይላል። ነጋዴውም ኮንቴይነሩን የያዘችው መርከብ ወደብ መግባቷን ከሰማበት ሰዓት ጀምሮ ዕቃው እጁ እንደገባ ይቆጥረዋል። በትራንዚት ሥራ ጅቡቲ ላይ በቆየሁባቸው ዓመታት አብዝቼ የመለስኩት የስልክ ጥያቄ ይኸው ነበር፤ «ደርሷል አይደል? ታዲያ ምን ይጠበቃል?» ከዚህ በታች ያለው ለዚያ ጥያቄና ከእሱ ለሚወለዱት ሌሎች ጥያቄዎች የተሰጠ መልስ ነው።

መርከብ «ደረሰች» ሲባል በትክክል ምን ማለት ነው?

አብዛኛውን ጊዜ ከወደቡ ውጭ መልሕቅ ጥላ ተራዋን እየጠበቀች ነው ማለት ነው። ካፒቴኑ «ለማራገፍ ዝግጁ ነኝ» የሚል ማስታወቂያ በጽሑፍ ይሰጣል። ወረቀቷ ትንሽ ብትሆንም በኋላ የሚመጣው የገንዘብ ክርክር ሁሉ የሚነሳው ከእሷ ላይ ከሰፈረው ሰዓት ነው። የመርከብ ማቆሚያ በርዝ ሲለቀቅ የወደቡ ፓይለት፣ ማለትም መርከብ የሚያስገባው መሪ፣ ተሳፍሮ፣ ጎታች ጀልባዎች እየገፉና እየሳቡ መርከቧን ያስጠጓታል፤ ገመድ ይታሰራል። የጤና፣ የኢሚግሬሽንና የጉምሩክ ሰዎች ሰነድ ይመለከታሉ። የሆዷ ክዳን፣ በወደብ ቋንቋ ሃች የሚባለው፣ የሚከፈተው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

የት እንደምትቆም የሚወስነው የጫነችው ነው። ኮንቴይነር የጫነች እ.ኤ.አ. በ2009 ወደተመረቀው የዶራሌ ኮንቴይነር ተርሚናል ትሄዳለች። ብትን ጭነት፣ ብረታ ብረትና ማሽነሪ ለመሳሰለው እ.ኤ.አ. በ2017 ሥራ የጀመረው የዶራሌ ሁለገብ ወደብ አለ። ነዳጅ የራሱ ተርሚናል አለው።

60 ሺህ ቶን ማዳበሪያ ከመርከብ ላይ እንዴት ይወርዳል?

ብዙ ሰው ማዳበሪያው በከረጢት ታሽጎ የሚመጣ ይመስለዋል። የሚመጣው ግን ብትኑን፣ እንደ አሸዋ ተከምሮ ነው፤ የሚታሸገው ወደቡ ላይ ነው። ክሬኑ ጫፍ ላይ ግራብ የሚባል መንጋጋ መሰል የብረት ባልዲ ይንጠለጠላል። አፉን ከፍቶ ክምሩ ላይ ይወድቃል፣ ይነክሳል፣ ይዘጋና ይነሳል። በርዙ ጠርዝ ላይ ከላይ ሰፊ፣ ከታች ጠባብ የሆነ ሆፐር የሚባል ትልቅ የብረት ቀፎ ቆሟል፤ ግራቡ እዚያ ውስጥ ይተፋል። ከሥሩ ያሉት የማሸጊያ ማሽኖች 50 ኪሎ እየመዘኑ ከረጢቱን ይሞላሉ፣ አፉ ይሰፋል፣ በተንሸራታች ቀበቶ ወደ መኪናው ይሄዳል። ዛሬ በየቤቱ እህል የምናስቀምጥበትንና «ማዳበሪያ» ብለን የምንጠራውን ከረጢት ስም ያወጣለት ይኸው ሥራ ነው።

መኪናው ላይ የሚጠብቁት ሰዎች ናቸው። አንድ ባለ ተሳቢ ከባድ መኪና 400 ኩንታል ይጭናል፤ ይህም 800 ከረጢት ነው። እያንዳንዱን ከረጢት ከቀበቶው ተቀብሎ፣ ጠርዙን አስተካክሎ፣ መንገድ ላይ እንዳይንሸራተት አጋድሞ የሚደረድረው የሰው ጉልበት ነው።

የመርከቧ ሆድ ወደ መጨረሻው ሲቃረብ ግራቡ ጥግ ጥጉን መድረስ ያቅተዋል። ያን ጊዜ ትንሽ ሎደር በክሬን ተንጠልጥሎ ወደ ውስጥ ይወርዳል፤ ከግድግዳው ላይ የቀረውን እየገፋ ወደ መሐል ይሰበስባል። ከዚያም የሚቀረውን ሠራተኞች በአካፋና በመጥረጊያ ይጨርሱታል። ከሥራው ሁሉ ከባዱ ይህ ሰዓት ይመስለኛል። ሠራተኛው ከላይ ፀሐይ፣ ከታች የጋለ ብረት፣ በመሐል ዓይንና ጉሮሮ የሚያቃጥል አቧራ ውስጥ ነው፤ የጅቡቲ ሙቀት ደግሞ በሞቃቶቹ ወራት ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያልፋል።

ዩሪያ እርጥበት ይስባል። ስለዚህ ጠብ ማለት ሲጀምር ሥራው ቆሞ ሃቹ ይዘጋል። በጅቡቲ ዝናብ ብርቅ መሆኑ በዚህ በኩል ጠቅሞናል።

ታዲያ ለምን ይዘገያል? ክሬኑ ስለሚያንስ ነው?

አብዛኛውን ጊዜ አይደለም። ቁጥሩን አብረን እንየው። 60 ሺህ ቶን ማለት 600 ሺህ ኩንታል፣ 1 ሚሊዮን 200 ሺህ ከረጢት፣ 1,500 ባለ ተሳቢ መኪና ነው። በቀን 5 ሺህ ቶን እናራግፍ ብንል መርከቧ በ12 ቀን ባዶ ትሆናለች። ይህን ለማድረግ ግን በቀን 125 መኪና ከሆፐሩ ሥር መቆም አለበት፤ ቀንና ሌሊት ሳይቋረጥ በየ11 ደቂቃ ተኩሉ አንድ መኪና ማለት ነው። አንዱ መኪና ጭኖ ሄዶ፣ አራግፎ፣ ተመልሶ ወረፋ እስኪይዝ ሳምንት ቢፈጅበት፣ ለዚች አንዲት መርከብ ብቻ 875 መኪና መመደብ ያስፈልጋል። በዚያው ሳምንት ሌላ ስንዴ የጫነች መርከብ አጠገቧ ልትቆም ትችላለች።

ስለዚህ ማራገፍ የሚፈጥነውም የሚዘገየውም ከባሕሩ ይልቅ በየብሱ ምክንያት ነው። ድንበሩ ላይ፣ ጋላፊ፣ የተሰለፈ መኪና፣ መዳረሻው ላይ ለማራገፍ መጋዘን ያጣ ሹፌር፣ ሳይደርስ የቀረ ባዶ ከረጢት፣ ሳይፈረም የቀረ ሰነድ፣ እያንዳንዱ ክሬኑን ያቆመዋል። አንድ ከሰዓት በኋላ ሃቹ ተከፍቶ፣ ክሬኑ ተዘጋጅቶ፣ ሠራተኞቹ በሙሉ በቦታቸው ሆነው አራት ሰዓት ያህል አንድም መኪና ሳይመጣ ሲጠብቁ አብሬ ቆሜያለሁ። በዚያው ቀን ማታ ከአገር ቤት የደወለልኝ ሰው «እነዚያ ጅቡቲዎች አይሠሩም እንዴ?» አለኝ። እነሱማ ሥራውን እየጠበቁ ነበር።

የ1977 ዓ.ም. ድርቅም ይህንኑ አሳይቶናል። ያኔ የእርዳታ እህል ወደ አሰብ በብዛት ሲጎርፍ ወደቡ ተጨናነቀ፤ እህሉን ወደ ተራበው ሕዝብ የሚያደርስ መኪና ስላነሰ ከረጢቱ ወደቡ ላይ ተከምሮ ዋለ። ባሕሩን አቋርጦ የመጣውን እህል የያዘው መሬት ላይ የነበረው ችግር ነው።

የአዲስ አበባ–ጅቡቲው ባቡር እ.ኤ.አ. ከ2018 መጀመሪያ አንስቶ መደበኛ አገልግሎት እየሰጠ ነው፤ ጫናውንም ያቀላል። ሆኖም ባቡር ጣቢያ የደረሰ ከረጢት ወደ ወረዳው ለመሄድ እንደገና መኪና ላይ መጫን አለበት። ያ ደግሞ ሌላ ጫኝና አውራጅ፣ ሌላ ወረፋ ነው።

ጅቡቲ ላይ የሚያራግፉት እነማን ናቸው? ኢትዮጵያውያን ይሠራሉ?

የመርከቡንና የበርዙን ሥራ የሚሠሩት የጅቡቲ ዜጎች ናቸው። ከፈረንሳይኛው ወስደው ራሳቸውን «ዶከር» ይላሉ። የሚሠሩት በቡድን ነው። አንዱ ክሬን ይነዳል፤ አንዱ ሃቹ አፍ ላይ ቆሞ በእጅ ምልክት ይመራዋል፤ ታች ሆድ ውስጥ የሚያስሩና የሚፈቱ አሉ፤ ታሊማን ይቆጥራል፤ ፎርማን ሁሉን ያያል። ከኢትዮጵያ በኩል ሹፌሮች፣ ረዳቶች፣ የጭነት ሰነድ የሚያስፈጽሙ ትራንዚተሮችና የኢትዮጵያ የባሕር ትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሠራተኞች አሉ። አፋርኛ፣ ሶማሊኛ፣ ዓረብኛ፣ ፈረንሳይኛና አማርኛ አንድ ሆፐር ሥር ይሰማሉ፤ ክሬን ላይ ግን የሚሠራው የእጅ ምልክት ነው።

የወደብ ሥራ ለእኛ አዲስ አይደለም። እስከ 1990 ዓ.ም. ግንቦት ድረስ፣ ጦርነቱ እስከተነሳበት ጊዜ፣ አሰብ ላይ የሚያራግፉት ብዙዎቹ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ጭነቱ በሙሉ ለማለት ይቻላል ወደ ጅቡቲ ዞረ። ከአሰብ የተመለሱት የወደብ ሰዎች ዛሬ አርጅተዋል። ሽቦ ሲጎነጎን፣ ጭነት ሲታሰር፣ ክብደት በዓይን ሲገመት የሚያውቁትን ነገር ተቀምጦ የጻፈላቸው ሰው አለመኖሩ ሁልጊዜ ይቆጨኛል።

ብትን ጭነትን ማን ይመዝነዋል? 60 ሺህ ቶን የሚችል ሚዛን አለ?

አለ፤ ሚዛኗ ራሷ መርከቧ ናት። በመርከብ ጎን ላይ በሜትር የተጻፉ ቁጥሮች አሉ፤ ምን ያህል ውኃ ውስጥ እንደገባች ያሳያሉ። ከማራገፉ በፊት ገለልተኛ መርማሪ በስድስት ቦታ ያነባቸዋል፤ ከፊት፣ ከመሐልና ከኋላ፣ በግራም በቀኝም። ማራገፉ ሲያልቅ ደግሞ ያነባቸዋል። መርከቧ ከፍ ያለችበት ልክ የወረደው ጭነት ነው።

ሲነገር ቀላል ነው። ሆኖም ከማራገፉ ጋር መርከቧ ሚዛኗን ለመጠበቅ የባሕር ውኃ ወደ ታንኮቿ ትሞላለች፤ ነዳጅ ታቃጥላለች፤ የሚጠጣ ውኃ ትጠቀማለች። ይህ ሁሉ ተለክቶ ይቀነሳል ወይም ይደመራል። የባሕሩ ውኃ ጨዋማነትም ይለካል፤ ጨው የበዛበት ውኃ መርከብን ከፍ አድርጎ ስለሚሸከም መርማሪው በባልዲ ውኃ ቀድቶ መለኪያውን ይነክርበታል። በዚህ መጠን ባለች መርከብ ላይ አንድ ሴንቲሜትር ወደ 60 ቶን ገደማ ነው። ማዕበል ውስጥ ቁጥሩን በአንድ ሴንቲሜትር አሳስቶ ያነበበ ሰው 1,200 ከረጢት፣ የአንድ መኪና ተኩል ጭነት፣ ጨመረ ወይም ቀነሰ ማለት ነው። የከረጢት ቆጠራውና የመርከቧ ንባብ ሲለያዩ ሌባ ከመፈለግ በፊት ይህችን ሴንቲሜትር መጠርጠር ይገባል።

ኮንቴይነርስ?

ኮንቴይነር ከብትን ጭነት ጋር ሲነጻጸር ጸጥ ያለ ሥራ ነው። ስፕሬደር የሚባለው የክሬኑ ማንሻ አራቱን የኮንቴይነር ማዕዘኖች ይቆልፍና ያነሳዋል። አንድ ጥሩ የወደብ ክሬን በሰዓት ከ25 እስከ 30 ኮንቴይነር ያንቀሳቅሳል። ከዚያ በፊት ግን ሰዎች መርከቧ ላይ ወጥተው ማሰሪያ ብረቶቹን መፍታት፣ ኮንቴይነርን ከኮንቴይነር የሚያያይዙትን ቁልፎች መክፈት አለባቸው። በረጃጅም ቁልል መሐል በጠባብ መተላለፊያ ላይ ከባድ ብረት እየያዙ የሚሠሩት እነዚህ ሰዎች ከታች ሆኖ ለሚያይ አይታዩም።

ይህ አሠራር የተጀመረው እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 26 ቀን 1956 ነው ማለት ይቻላል። ማልኮም ማክሊን የተባለ የአሜሪካ የጭነት መኪና ባለሀብት ኣይዲያል ኤክስ በምትባል መርከብ 58 ኮንቴይነር ከኒውአርክ ወደ ሂውስተን ላከ። በዚያን ጊዜ አንድ ቶን ዕቃ በሰው እጅ መጫን 5.86 ዶላር ያስወጣ ነበር፤ በዚህች መርከብ ላይ 16 ሳንቲም ወጣበት። ከዚያ በኋላ በየወደቡ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች የሠሩትን ሥራ ጥቂቶች መሥራት ቻሉ።

መርከቡ ገብቷል እየተባለ የእኔ ኮንቴይነር ለምን አይወርድም?

የተለመደው ምክንያት ኮንቴይነሩ መርከቡ ላይ አለመኖሩ ነው። ብዙ ጭነት በቀጥታ አይመጣም፤ እንደ ጀበል ዓሊ ወይም ጅዳ ባለ ወደብ ወርዶ ወደ ሌላ መርከብ ይዛወራል። እዚያ ቦታ ከሞላ ለሚቀጥለው ይተላለፋል። ወረቀቱ ላይ የቀድሞው መርከብ ስም ስላለ ባለንብረቱ ያንን ሲከታተል ይሰነብታል። መከታተል ያለብዎት የመርከቡን ስም ሳይሆን የኮንቴይነሩን ቁጥር ነው። አራት የላቲን ፊደላትና ሰባት አሃዞች ናቸው፤ የመጨረሻዋ አሃዝ ከቀደሙት በስሌት የምትወጣ ማረጋገጫ ስለሆነች አንድ ቁጥር ቢሳሳቱ ሥርዓቱ ያውቅብዎታል።

መርከቡ ላይ ካለ ደግሞ የአደራደር ዕቅዱ ይወስነዋል። ከባዱ ከታች፣ ቀላሉ ከላይ፣ በመጀመሪያው ወደብ የሚወርደው በቀላሉ በሚደረስበት ቦታ ይቀመጣል። «የእኔን አስቀድሙልኝ» ማለት አይጠቅምም፤ ለማንም ሲባል የመርከብ ሚዛን አይናጋም።

ክብደቱን ቀንሼ ባስመዘግብ ማን ያውቃል? ሁሉም ያደርገዋል ይባላል።

እባክዎ አያድርጉት። እ.ኤ.አ. ጥር 2007 ኤም ኤስ ሲ ናፖሊ የተባለች መርከብ በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ ባሕር ላይ ሰውነቷ ተሰነጠቀ። በኋላ ከመርከቧ ላይ የነበሩት ኮንቴይነሮች ሲመዘኑ ከአምስቱ አንዱ ገደማ ከተመዘገበው ክብደት ከ3 ቶን በላይ ልዩነት ነበረው። ለመርከቧ መጎዳት ዋናው ምክንያት ይህ ብቻ ባይሆንም ዓለም ደነገጠ። ከእ.ኤ.አ. ሐምሌ 1 ቀን 2016 ጀምሮ የተረጋገጠ ክብደቱ ያልቀረበ ኮንቴይነር መርከብ ላይ እንዳይጫን ዓለም አቀፍ ግዴታ ሆነ። ወረቀት ላይ 18 ቶን ያሉትን 26 ቶን ኮንቴይነር የሚያነሳው ክሬን ሥር ሰው አለ። ከዚያም ጋላፊን አልፎ የአፋርን ቁልቁለት የሚወርደው ሹፌር አለ፤ ፍሬኑ የሚያምነው እርስዎ የጻፉትን ቁጥር ነው።

ዲሜሬጅ፣ ማለትም የመዘግየት ክፍያ፣ ለምን ሁለት ጊዜ እከፍላለሁ?

በአንድ ስም የምንጠራቸው የተለያዩ ነገሮች ስለሆኑ ነው።

የመጀመሪያው የመርከብ ነው። ብትን ጭነት ለማምጣት መርከብ የተከራየ ወገን ለማራገፍ የተወሰነ ጊዜ ይሰጠዋል። ቀደም ሲል ያልኩት የ«ዝግጁ ነኝ» ወረቀት ይህን ሰዓት ያስነሳል። ጊዜው ካለፈ በየቀኑ ቅጣት አለ፤ የሚከፈለውም በውጭ ምንዛሪ ነው። ቀድሞ ከጨረሰ ደግሞ ባለመርከቡ ይመልስለታል። አራት ሰዓት መኪና በመጥፋቱ የቆመችው ክሬን ሒሳቧ የሚገባው እዚህ ነው። ያን ገንዘብ በመጨረሻ የሚከፍለው የማዳበሪያውና የስንዴው ዋጋ ነው።

ሁለተኛው የኮንቴይነር ነው። ኮንቴይነሩ የመርከብ ድርጅቱ ንብረት ነው፤ ከተሰጠው ነፃ ቀን በላይ ይዘው ከቆዩ ይከፍላሉ። በወደቡ ወይም በደረቅ ወደቡ ቦታ ስለያዘ ደግሞ የማከማቻ ኪራይ ለብቻው ይቆጠራል። ሞጆ ላይ ሰነድ ሳይሟላለት የተቀመጠ ኮንቴይነር ሁለቱንም አንድ ላይ ያስቆጥራል። ነፃ ቀኑ ስንት እንደሆነ ውል ሲፈርሙ ይጠይቁ፤ ሲገዙ የተደራደሩት አንድ ሳምንት ከዋጋ ቅናሽ የበለጠ ሊያተርፍዎት ይችላል።

ነዳጅና መኪናስ እንዴት ይወርዳሉ?

ነዳጅ በቱቦ ወደ ዴፖ ይገፋል፤ ከዚያ ቦቴው ይቀዳል። መኪና ሮሮ በሚባሉ መርከቦች መጥቶ ሹፌሮች እየነዱ ያወርዱታል፤ ከማውረድ ይልቅ ማቆሚያ ቦታ ማግኘት ይከብዳል።

ቡናችን መርከብ ላይ የሚጫነው እንዴት ነው?

ዛሬ አብዛኛው ቡና ኮንቴይነር ውስጥ የሚገባው አገር ቤት ነው። በአንድ ባለ 20 ጫማ ኮንቴይነር 60 ኪሎ የሚይዙ 320 ጆንያዎች ይገባሉ፤ 19.2 ቶን ይሆናል። ጅቡቲ ሲደርስ ሳይከፈት መርከብ ይሳፈራል። ስለዚህ የቡናው ዕጣ የሚወሰነው ጆንያውን በደረደሩት የአዲስ አበባ ጫኞች እጅ ነው። ኮንቴይነሩ ቀድሞ ሽታ ያለው ነገር ጭኖ ከነበረ ቡናው ይጠጣዋል፤ ስለዚህ ሳይጫን ውስጡ ገብተው፣ በሩን ዘግተው ማሽተት አለባቸው። በሩ ሲዘጋ ጣሪያው ላይ ብርሃን ከታየ ቀዳዳ አለ። ከሞቃት ባሕር ወደ ቀዝቃዛው ሲሻገር የውስጡ እርጥበት ጣሪያው ላይ ጠል ሆኖ ይንጠባጠባል፤ ግድግዳውን በወፍራም ወረቀት የሚሸፍኑት ለዚህ ነው።

አገራችን ከምትልከው የምታስገባው ስለሚበልጥ ብዙ ኮንቴይነር ባዶውን ወደ ጅቡቲ ይመለሳል። ያን ያህል ርቀት ባዶ ብረት ተጭኖ ሲሄድ ማየት ያሳዝነኛል።

ሥራው ምን ያህል አደገኛ ነው?

በጣም። ሰዎች የሚያስቡት የተንጠለጠለ ጭነት መውደቁን ነው፤ እውነትም ይገድላል፤ በክሬን ሥር ማለፍ የተከለከለው ለዚህ ነው። የበለጠ የምፈራው ግን የማይታየውን ነው። የመርከብ ሆድ ለሳምንታት ተዘግቶ ሲቆይ እንጨት፣ ከሰል፣ የብረት ፍርፋሪና አንዳንድ እህል አየሩ ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ይጨርሱታል። ሽታ የለውም። የገባው ሰው መሰላሉ ላይ ይወድቃል፤ ጓደኛው ሊያነሳው ሲወርድ እሱም ይወድቃል። ስንዴ የጫነች መርከብ ደግሞ ነቀዝ እንዳይበላው ፎስፊን በሚባል ጋዝ ትታጠናለች፤ ሳይናፈስ የሚገባባት ሰው ይመረዛል። ስለዚህ አየሩ በመሣሪያ ሳይለካ ማንም አይግባ፤ ጓደኛዎ ቢወድቅ እንኳ ያለ መተንፈሻ መሣሪያ አይውረዱ፤ ለእርዳታ ይጩኹ።

ማዳበሪያን በተመለከተ ብዙዎች የቤይሩትን ወደብ ፍንዳታ እያሰቡ ይጠይቁኛል። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 4 ቀን 2020 ከ200 ሰው በላይ የገደለው ከመርከብ ወርዶ መጋዘን ውስጥ ዓመታት የተቀመጠ 2,750 ቶን አሞኒየም ናይትሬት ነው። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 16 ቀን 1947 በአሜሪካ ቴክሳስ ሲቲ ወደብ ይኸው ዓይነት ማዳበሪያ ሲጫን ግራንካምፕ የተባለችው መርከብ ተቃጥላ ፈነዳች፤ ወደ 600 የሚጠጋ ሰው አለቀ። እኛ በብዛት የምናስገባው ዩሪያ ከዚህ የተለየ ነው፤ በራሱ እንደዚያ አይፈነዳም። ዋናው ነገር የሚያራግፈው ሰው የሚያራግፈውን ማወቁ ነው። በቴክሳስ ሲቲ የሠሩት ሰዎች የያዙት ምን እንደሆነ የነገራቸው አልነበረም።

ለዚህ ሲባል ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት ያወጣቸው ስምምነቶች አሉ። እ.ኤ.አ. የ1929ኙ ስምምነት ቁጥር 27 በመርከብ የሚላክና 1,000 ኪሎ ወይም ከዚያ በላይ የሚመዝን ጥቅል ክብደቱ ላዩ ላይ እንዲጻፍ ያዛል። የ1979ኙ ስምምነት ቁጥር 152 ስለ ወደብ ሠራተኞች ደኅንነትና ጤና ነው። የሞጆና የየመናኸሪያው ጫኝና አውራጅ ልጆቻችን መርከብ አጠገብ ባይደርሱም የሚሸከሙት ያንኑ ከረጢት ነው። ለጀርባቸውም ያንኑ ያህል ልናስብላቸው ይገባል።

ከውጭ አገር ለቤተሰብ ዕቃ በካርቶን በምልክበት ጊዜ ምን ላድርግ?

ከአሜሪካም ሆነ ከዓረብ አገር የሚላክ ካርቶን ብዙውን ጊዜ ከሌሎች ሰዎች ዕቃ ጋር በአንድ ኮንቴይነር ይገባል። ከበር እስከ በር ብዙ እጅ ይነካዋል፤ ከላዩም ሌላ ሰው የላከው ከባድ ዕቃ ይጫንበታል። ካርቶኑን እስከ አፉ ይሙሉት፤ ባዶ ቦታ ካለ ይጨፈለቃል። የተቀባዩን ስምና ስልክ በሁለት ጎን ይጻፉ፤ አንድ ወረቀት ደግሞ ውስጡ ያስቀምጡ። ወደ ላይ የሚያመለክት ቀስት፣ ብርጭቆና ጃንጥላ በዓለም ሁሉ ጫኝ የሚያነባቸው ምልክቶች ናቸው፤ በትልቁ ይሳሏቸው። ሽቶና የሊቲየም ባትሪ ሳይናገሩ አያስገቡ፤ ባሕር ላይ እሳት ቢነሳ የሚያጠፋው የመርከቡ ሠራተኛ ራሱ ነው።

ወደፊት ማሽን ሰውን ይተካው ይሆን?

በከፊል ተክቶታል። ሮተርዳም እ.ኤ.አ. ከ1993 ጀምሮ ያለ ሹፌር የሚሄዱ የኮንቴይነር ማመላለሻዎች አሏት። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 2024 መጀመሪያ ላይ ከሜይን እስከ ቴክሳስ ያሉ የአሜሪካ ወደቦች ሠራተኞች ሦስት ቀን ሥራ አቁመው ነበር፤ ከደመወዙ ጋር አብሮ የተነሳው ጥያቄያቸው ይኸው የማሽን ጉዳይ ነበር። በእኛ መስመር ላይ ግን ከረጢት እስካለ ድረስ ትከሻ ይፈለጋል። ማሽኑ ቢመጣ በመጀመሪያ የመርከቧን ጥግ የሚጠርገውን ሰው ከአቧራው ቢያወጣልኝ ደስ ይለኛል፤ በዚያው ሰው እጅ የማሽኑ መንጃ ይሰጥ።

ዕቃዬን ስረከብ ምን ልመልከት?

ኮንቴይነር ከሆነ መጀመሪያ በሩ ላይ ያለውን የማሸጊያ ቁጥር፣ ማለትም ሲሉን፣ ወረቀቱ ላይ ካለው ጋር ያስተያዩ። ተቆርጦ በሌላ ከተተካ ሳይከፍቱ ፎቶ አንስተው የሚመለከተውን ሁሉ ይጥሩ። ጎኑና ጣሪያው የተጨረመተ፣ የተቀደደ እንደሆነ ይመልከቱ። ከረጢት ከሆነ እርጥቡን፣ የተቀደደውንና የጎደለውን ለይተው ያስቆጥሩ። ያዩትን ሁሉ መኪናው ሳይንቀሳቀስ በርክክብ ወረቀቱ ላይ ይጻፉና ያስፈርሙ። «ንጹሕ» ተብሎ የተፈረመበትን ወረቀት በኋላ ማስተባበል ከባድ ነው። የባሕር ጭነትን በሚመለከቱት ዓለም አቀፍ የሄግ ደንቦች መሠረት ከውጭ የማይታይ ጉዳት በ3 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ሊነገር ይገባል፤ ክስ የሚቀርበውም በአንድ ዓመት ውስጥ ነው። ሦስቱ ቀን የሚቆጠረው ዕቃውን ከተረከቡበት ዕለት ስለሆነ ካርቶኑን ወደ መጋዘን ከማስገባትዎ በፊት ዛሬውኑ ይክፈቱት።